የሞተር ዘይት፦ ሲንተቲክ ይሻላል ወይስ ኖርማሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪና ያላቸው ዘመዶቼና ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እዚህ መልሼዋለሁ።

የሞተር ዘይት ሥራው ምንድን ነው?

ሞተር ውስጥ ብረትና ብረት በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይተላለፋሉ። ዘይቱ በመሃላቸው ስስ ሽፋን ሆኖ ይገባና እንዳይነካኩ ያደርጋል። ሥራው በዚህ አያበቃም። የራዲያተር ውሃ የማይደርስበትን የፒስተን ሙቀት ተሸክሞ ያወርዳል። ጥላሸቱን አጥቦ ወደ ፊልትሮ ይወስዳል። ከቃጠሎው የሚፈጠረውን አሲድም ያከሽፋል።

ዘይት የሚያረጀውም ለዚህ ነው። ውስጡ የተጨመሩት ኬሚካሎች ሥራቸውን በሠሩ ቁጥር እያለቁ ይሄዳሉ። ስትለኩት ሙሉ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ አቅሙ ግን ተሟጧል።

ዘይት እንዴት ነው የምለካው?

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ እንደቆመ ኮፈኑን ክፈቱ። መለኪያውን ሳቡትና በጨርቅ ጥረጉት። መልሳችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡትና እንደገና ሳቡ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መሃል መሆን አለበት። ከታችኛው ምልክት ከወረደ ጨምሩ። ከላይኛው ማለፍም ጥሩ አይደለም፤ ክራንኩ (ከሞተሩ ሥር የሚሽከረከረው ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢበዛ በ15 ቀን አንዴ ማየት ይበቃል። ዳሽቦርድ ላይ ጀበና የሚመስለው ቀይ መብራት እየነዳችሁ ከበራ ግን ሌላ ነገር ነው። የዘይት ግፊት ጠፍቷል ማለት ነው። ጋራዥ እስክደርስ አትበሉ። ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ያቺ ሁለት ደቂቃ ሞተር ትጨርሳለች።

ሲንተቲክና ኖርማል ዘይት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ኖርማሉ፣ ሚኒራል የሚባለው፣ ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ ነው። ቢጣራም ቅንጣቶቹ እኩል አይደሉም። ትልቁም ትንሹም ፍሬ እንደተደባለቀበት እህል አስቡት። ትንንሾቹ ሙቀት ሲበዛ ይተናሉ፣ ትልልቆቹ ብርድ ሲሆን ይረጋሉ። ሲንተቲኩ በፋብሪካ የተሠራ ወይም በኬሚካል ሂደት እንደገና የተበጀ ነው። ፍሬው አንድ ወጥ ነው። ስለዚህ ሙቀት ቶሎ አያቀጥነውም፣ ብርድም ቶሎ አያወፍረውም፣ ትነቱም አነስተኛ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዛሬ ሲንተቲክ ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው መነሻው ያው ድፍድፍ ነዳጅ ነው፤ በጣም በረቀቀ መንገድ ተለውጦ ነው እንጂ። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሁለት ትልልቅ አምራቾች በዚሁ ቃል ተወዛግበው ጉዳዩ የማስታወቂያ ሥነ ምግባር የሚያይ ተቋም ፊት ቀርቦ ነበር። እንዲህ ያለውን ዘይት ሲንተቲክ ማለት ይቻላል ተባለ። ጥራቱ ጥሩ ነው፣ ሥጋት አይግባችሁ። ሴሚ ሲንተቲክ ደግሞ የሁለቱ ቅልቅል ነው። ምን ያህሉ ሲንተቲክ መሆን እንዳለበት ግን ሁሉም የሚከተለው መጠን የለም። አንዱ አምራች ብዙ ይጨምራል፣ ሌላው ጥቂት።

ታዲያ የቱ ይሻላል?

በጥራት ሲንተቲክ ይሻላል። በዚህ ላይ ክርክር የለም። ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው አዲስ የቤንዚን ሞተር ከሆነ፣ ወይም የመኪናው መመሪያ 0ደብሊው-20ን የመሰለ ቀጭን ዘይት ካዘዘ ብዙ ምርጫ የላችሁም፤ ባብዛኛው ሲንተቲክ ነው።

ተርቦ ለሌለው፣ ዕድሜው ገፋ ላለ የቤንዚን መኪና ግን ኖርማሉ በሰዓቱ ከተቀየረ በደንብ ያገለግላል። እኔ ሁልጊዜ የምለው ይህን ነው፦ በ5,000 የተቀየረ ኖርማል ዘይት 15,000 ከሄደ ሲንተቲክ ይሻላል። ሰው ውዱን ዘይት ይገዛና ዕዳውን የከፈለ ይመስል ዓመት ከመንፈቅ ይረሳዋል። ሞተር የሚገድለው ይህ መርሳት ነው።

5ደብሊው-30፣ 20ደብሊው-50 የሚሉት ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው?

የዘይቱን ውፍረት ነው የሚናገሩት። ደብሊው የምትለው ፊደል ክረምትን ትወክላለች፤ የፈረንጆቹን በረዷማ ክረምት እንጂ የእኛን የዝናብ ወራት አይደለም። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ያሳያል፤ ሲያንስ በብርድ ቶሎ ይደርሳል። የኋለኛው ሞተሩ ሲግል፣ በ100 ዲግሪ ሙቀት፣ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ይናገራል።

20ደብሊው የሚለው እንኳ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ ሞተር ለማስነሳት የተመዘነ ነው። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ውርጭ ይዟት እንኳ ያን ያህል አትበርድም። ስለዚህ አገር ቤት ለሚነዳ ሰው ይበልጥ የሚያሳስበው የኋለኛው ቁጥር ነው። የፊተኛው ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ቀጭኑ ዘይት ወደ ላይ ቶሎ ይወጣል፤ የሞተሩ ብረት ደግሞ ብዙ የሚበላው በእነዚያ የመጀመሪያ ሰከንዶች ነው።

ጀሪካኑ ላይ ያሉት ፊደላትስ?

ኤፒአይ (የዘይት ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካ ተቋም) ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን እዩ። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ወደፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። ለቤንዚን መኪና አዲሱ ደረጃ የድሮውን ይተካል፤ የድሮው ግን አዲሱን አይተካም። የናፍጣ መኪና ያላችሁ ሲአይ-4 ወይም ሲኬ-4 የሚል ፈልጉ፤ መመሪያው ከዚህ የተለየ ካዘዘ መመሪያውን ስሙ።

ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር?

የመጀመሪያው መልስ የመኪናችሁ መመሪያ ነው። መመሪያው ከሌላችሁ፣ በአገራችን መንገድ እኔ የምለው፦ ኖርማል በ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ6 ወር፣ ሲንተቲክ በ7,000 እስከ 8,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት፤ ቀድሞ በደረሰው። ፊልትሮው ሁልጊዜ አብሮ ይቀየር። አሮጌ ፊልትሮ ላይ አዲስ ዘይት ማፍሰስ ታጥቦ ጭቃ ነው።

«ጀሪካኑ 10,000 ይላል» የሚለኝ ብዙ ነው። ከአያት ሜክሲኮ በጠዋቱ መጨናነቅ የሚመላለስ ሰው በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ሞተሩ 333 ሰዓት ሠርቷል። ያንኑ ርቀት በሰዓት 60 የሚሄድ የአገር አቋራጭ መኪና በ83 ሰዓት ይጨርሰዋል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አንድ ነው፤ ዘይቱ ግን አራት እጥፍ ሠርቷል። ቆሞ የሚንተከተክ ሞተር ጉዞው አይቆጠርለትም።

አሜሪካ ያሉ ወገኖች «እኛ በ10,000 ነው የምንቀይረው» ሲሉ ማይል ማለታቸው ነው፤ 16,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቶዮታ እዚያ ለሚሸጣቸው ብዙ መኪኖች 0ደብሊው-20 ሲንተቲክ ሲሆን እንዲህ ይላል፣ እውነት ነው። ግን ያው መመሪያ አቧራማ መንገድ ለሚሄድ በ5,000 ማይል፣ ማለትም በ8,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ብሎ ያስጠነቅቃል። ኮረኮንችና አቧራ የዕለት መንገዳችን ስለሆነ እኛን የሚመለከተው ይኸኛው መስመር ነው።

መኪናዬ አሮጌ ናት። መካኒኩ ወፍራም ዘይት ይሻላታል ይለኛል። ልስማው?

እንደ መኪናዋ ነው። ዲኤክስ ኮሮላ ከሆነች፣ ሞተሯም የተበላ ከሆነ፣ 20ደብሊው-50 ያስኬዳታል። የሰፋውን ክፍተት ይሞላል፣ ዘይት መብላቷንም ትንሽ ያስታግሳል።

ቪትዝ ወይም የ2000ዎቹ ኮሮላ ላይ ግን አትቸኩሉ። እነዚህ ቪቪቲ-አይ የሚባል ነገር አላቸው። የቫልቩን ጊዜ የሚያስተካክለው በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ በቀጭን ቀዳዳ አልፎ መድረስ አለበት። ወፍራም ዘይት ይዘገያል። ውጤቱ ጠዋት ሲነሳ የሚንኳኳ ድምፅ፣ ጉልበት ማጣት፣ አንዳንዴም የሞተር መብራት ነው። ብዙ ሰው መካኒክ ጋ «ቫልቭ ይንኳኳል» ብሎ ይሄዳል፤ በሽታው የዘይት ምርጫ ሆኖ ይገኛል። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጣችሁ እዩ፤ ብዙዎቹ ላይ ትክክለኛው ቁጥር ተቀርጿል።

ከታዘዘው አንድ እርከን ከፍ ማለት፣ ለምሳሌ ከ30 ወደ 40፣ ሙቀት ለበዛበት እንደ ሰመራና ድሬዳዋ ላለ ቦታ ወይም ትንሽ ለተበላ ሞተር ተቀባይነት አለው። ከ20 ወደ 50 መዝለል ግን ሌላ ነገር ነው።

ሲንተቲክና ኖርማልን መቀላቀል ይቻላል?

ይቻላል። አይፈነዳም፣ አይረጋም። መንገድ ላይ ዘይት ከጎደለባችሁ ያገኛችሁትን ተቀራራቢ ቁጥር ጨምሩና ጉዞ ቀጥሉ። ባዶ ሞተር ከማንኛውም ቅልቅል የከፋ ነው። ግን ልማድ አታድርጉት፤ ለሲንተቲክ የከፈላችሁትን ብር ታቀጥኑታላችሁ።

ሲንተቲክ ከጀመርኩ ወደ ኖርማል መመለስ አይቻልም ይባላል። መኪናንም ያንጠባጥባል?

መመለስ ይቻላል። ይህ ወሬ መነሻ አለው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሲንተቲኮች ለጎማ ማሸጊያዎች አይስማሙም ነበር። ያ ችግር ከተፈታ ቆይቷል።

ሆኖም አንድ እውነት ይቀራል። የደረቀ ማሸጊያ ያለው አሮጌ ሞተር ላይ ቆሻሻው ራሱ እንደ ሙጫ ቀዳዳውን ደፍኖት ሊሆን ይችላል። ጥሩ ዘይት ያን ቆሻሻ ሲያጥብ ድሮም የነበረው ቀዳዳ ይታያል። ያንጠባጠበው ማሸጊያው ነው፤ ማስቀየር ያለባችሁም እሱን ነው።

በ1,000 ኪሎ ሜትር ዘይቱ ጠቆረ። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። በተለይ ናፍጣ ላይ በተቀየረ ማግስት ይጠቁራል። ጥላሸቱን አጥቦ መያዙን ነው የሚያሳየው። በቀለም አትፍረዱ፣ በኪሎ ሜትርና በቀን ፍረዱ። የሚያስደነግጥ ቀለም አንድ ነው፦ ማኪያቶ የመሰለ። የራዲያተር ውሃ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ የላይኛ ክፍል ማሸጊያ) ነው። በዚያ ሁኔታ መኪናዋን አታስነሱ።

የተጭበረበረ ዘይትን እንዴት ልለየው?

እኔ ራሴ አንዴ ተሸውጃለሁ። ዋጋው ደህና ቅናሽ ነበረው። ጀሪካኑ ዋናውን ይመስላል። ቤት ገብቼ ክዳኑን ስከፍት ከሥሩ ያለው ቀለበት በሙጫ ተጣብቋል፤ ጣቴ ላይ ክር ክር አለ። ዘይቱን በሁለት ጣቴ መሃል ሳሸው ቀጭን ነበር፣ ሽታውም የተቃጠለ። እንደ እድል ሆኖ ገና አልጨመርኩትም ነበር።

ክዳኑ ሲከፈት ቀለበቱ ጠቅ ብሎ መሰበር አለበት። የምርት ቁጥሩና ቀኑ ጀሪካኑ ላይ ጥርት ብሎ የታተመ ይሁን፣ በጣት ሲታሽ የማይለቅ። ሶማሌ ተራ ርካሽ አገኛለሁ ብሎ ከማያውቁት ሰው ከመግዛት፣ ከነዳጅ ማደያ ወይም ከአስመጪው ወኪል በደረሰኝ መግዛት ይሻላል። ላቫጆ ላይ የምታስቀይሩ ከሆነ ቆማችሁ እዩ፤ ጀሪካኑ እናንተ ፊት ይከፈት።

አንድ ልመና አለኝ። ባዶውን ጀሪካን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት በቢላ ቅደዱት። ቆራሌው የት እንደሚደርስ አያውቅም፣ ሐሰተኛ ዘይት የሚሞላው ሰው ግን ንጹሕ ጀሪካን ነው የሚፈልገው።

ከዘይት ጋር ምን ምን ላሳይ?

የአየር ፊልትሮው አቧራ መንገድ ላይ ከዘይት እኩል ነው። በየሰርቪሱ አውጥታችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር አስነፉት፣ በውሃ አታጥቡት፤ ሲጠቁር ቀይሩት። ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ጎማና ባትሪም ይታዩ። የታይሚንግ ቺንጋ ያለው መኪና ከሆነ ብዙዎቹ በ100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

የፍሬን ዘይት የሚረሳ ነገር ነው። ከአየር እርጥበት ይመጥጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲይዝ ወደ 140 ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ነው። የፈላ የፍሬን ዘይት አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉም ባዶ ይገባል። በሁለት ዓመት አንዴ አስቀይሩ፤ ቁልቁለቱን ደግሞ በከባድ ማርሽ ውረዱ።

ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብጨምር ምን አለበት? ቴርሞስታትስ ይነቀል?

ለችግር ቀን ይሆናል፣ ለዘወትር አይሆንም። የቧንቧ ውሃ ዝገትና ነጭ ድንጋይ ይተዋል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጤነኛ ሞተር የሚሠራው ደግሞ ለዚያው ቀረብ ባለ ሙቀት ነው። ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ስለዚህ ኩላንት (ለራዲያተር የተሠራውን ፈሳሽ) ጨምሩ፣ ክዳኑም ጎማው የላላ ከሆነ ቀይሩት። ዋጋው ትንሽ ነው።

ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ የራዲያተሩን ውሃ የሚያግድ በር) መንቀል ለሙቀት መድኃኒት ተደርጎ በየጋራዡ ይሠራል። እባካችሁ አታስነቅሉ። ሞተሩ በቂ ሙቀት ላይ ካልደረሰ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበትና ቤንዚን አይተንም። ወራት ሲያልፉ ሬንጅ የመሰለ ዝቃጭ ይሆናል። ያኔ ሲንተቲክም አያድናችሁም።

የመኪና ዘይት ለሞተር ሳይክል ይሆናል?

ለብዙዎቹ አይሆንም። አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮናቸው በዚያው ሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። የመኪና ዘይት ነዳጅ ለመቆጠብ ማንሸራተቻ ኬሚካል ሊኖረው ስለሚችል ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ጀሪካኑ ላይ ጃሶ ኤምኤ (የጃፓን የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ) የሚል ፈልጉ።

የኤሌክትሪክ መኪና ዘይት ይቀየርለታል?

የሞተር ዘይት የለውም። የማርሽ ክፍሉ ዘይት፣ ኩላንትና የፍሬን ዘይት ግን አለው፤ እነዚህ በመመሪያው መሠረት ይታያሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ የነዳጅ መኪና ላላቸው የምለው አለኝ፦ እጃችሁ ላይ ያለውን ሞተር እንደ ቀላል አትዩት፤ ምትክ ማግኘት እንደ ድሮው አይደለም።

መኪናዬ ዘይት ትበላለች። ሲንተቲክ ባደርግላት ይቆማል?

መጀመሪያ ለኩ። እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉና 1,000 ኪሎ ሜትር ሂዱ፤ ምን ያህል እንደጎደለ ጻፉ። ሩብ ሊትር ለአሮጌ መኪና አያስጨንቅም። አንድ ሊትር ከሆነ ምክንያቱን ፈልጉ። መሬት ላይ ጠብታ አለ? ማርሚታው ጠዋት ሰማያዊ ጭስ ያወጣል? ጠዋት ብቻ ከሆነ የቫልቭ ጎማ፣ ጋዝ ሲረገጥ ሁልጊዜ ከሆነ የፒስተን ቀለበት ይጠረጠራል። አንዳንድ ሞተር ከፋብሪካው ጉድለት ይዞ ወጥቷል። ቶዮታ 1ዜድዜድ ሞተር የመጀመሪያዎቹ ምርቶች ፒስተናቸው ላይ የዘይት መመለሻ ቀዳዳው ስለጠበበ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ።

ሲንተቲክ የተበላ ብረት አይመልስም። ቀለበቱ በቆሻሻ ተጣብቆ ከሆነ ግን ጥሩ ዘይት ቶሎ ቶሎ ሲቀየር ቀስ በቀስ ሊያላቅቀው ይችላል። ሁለት ሦስት ዙር ሞክሩና በ1,000 ኪሎ ሜትር የጎደለውን አወዳድሩ። ካልቀነሰ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት) አስለኩ።

ያገለገለ መኪና ገዛሁ። ምን ዘይት እንደነበረበት አላውቅም። ምን ላድርግ?

የሻጩን «ትናንት ነው የተቀየረው» እርሱት። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና በስልክ መብራት ውስጡን እዩ። ቡናማ ሆኖ ንጹሕ ብረት ከታየ ደግ ነው። ወፍራም ጥቁር ዝቃጭ ካለ ሞተሩ ተረስቶ ኖሯል።

ዝቃጭ ካለ በአንድ ቀን አጥባችሁ ለማውጣት አትሞክሩ። ሞተር ማጠቢያ ኬሚካሉ ዝቃጩን በአንዴ ያነሳውና ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል፤ ግፊት ይጠፋል። ለዚህ ሞተር ውድ ሲንተቲክ መግዛትም ገና ነው። ትክክለኛ ቁጥር ያለው ኖርማል ወይም ሴሚ ሲንተቲክ ከአዲስ ፊልትሮ ጋር አድርጉ፣ በ2,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ፣ እንደገና በ2,000 ቀይሩ። ሲወጣ ያለውን ዘይት በየዙሩ በነጭ ዕቃ ተቀብላችሁ እዩ። ብረት የሚያብለጨልጭበት ከሆነ መካኒክ ይይ። ንጹሕ እየሆነ ከመጣ በሦስተኛው ዙር ወደ ሲንተቲክ መግባት ትችላላችሁ። ማፍሰሻው ቡሎን ላይ ያለችው ሮንዴላም በየጊዜው አዲስ ትሁን፤ ብዙ ሰው «ኮፓው አንጠበጠበ» ብሎ የሚያስበየደው በእሷ ጥፋት ነው። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኮፈኑ ሥር ለጥፉት።